ሕፃን ይዞ በአውሮፕላን መጓዝ፦ እቅፍ የማይችለውን ማወቅ

ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትኬት ሲቆረጥ፣ በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚጠየቀው የአዋቂው ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማና ግብሩ ነው። ትኬቱ ላይ የሕፃኑ ስም ይሰፍራል፤ የወንበር ቁጥር ግን የለውም። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የበረራ አስተናጋጆች የምግብ ጋሪውን ይቆልፋሉ፣ የቡና ማፍያውን ሳይቀር በቦታው ያስራሉ፣ የተሳፋሪውን ቦርሳ ከወንበር ሥር ያስገባሉ። በዚያ ሁሉ ዝግጅት መካከል ሳይታሰር የሚቀረው በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ሕፃን ነው።

ይህ ጽሑፍ ሕፃንና ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ይዘው ረጅም መንገድ ለሚበሩ ወላጆች፣ በተለይም በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ለሚመላለሱት የተዘጋጀ ነው። እኔም ሁለት ልጆቼን ይዤ ይህን መንገድ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፤ ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ የተወሰነውን አስቀድሜ የማውቀው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር።

ጭን ወይስ ወንበር

የመጀመሪያ ልጄ በ14 ወሩ ጭኔ ላይ ተኝቶ ሳለ አውሮፕላኑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቁልቁል ወረደ። ነገሩ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ልጁን በሁለት እጄ አቅፌው ነበር፤ ሆኖም እኔ በቀበቶዬ ወንበሩ ላይ ስቀር እሱ ከእቅፌ ሾልኮ ወደ ላይ ተነሳና ሲመለስ ግንባሩ ከፊት ለፊታችን ባለው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አረፈ። ከቅንድቡ በላይ የበለዘ እብጠት ብቻ ይዞ ተረፈ። ከጉዳቱ ይልቅ ለብዙ ቀን ያልለቀቀኝ ግን እጆቼ ባዶ ሆነው ያየሁበት ያች ቅጽበት ናት።

ኋላ ላይ ሳስበው ነገሩ ከእናት ብርታት ጋር የሚያገናኘው የለም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ አውሮፕላኑ በኃይል ሲናወጥ ወይም በድንገት ሲቆም፣ ለያዘው ሰው ክንድ 30 ወይም 40 ኪሎ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። ያውም ይህ የሚሆነው ሳይጠበቅ፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ስታንቀላፋ ወይም በአንድ እጇ ጡጦ ይዛ ሳለች ነው። ከባድ አደጋ ሲደርስ የሚያርፈው ኃይል ከዚህም እጅግ ይበልጣል።

ይህን በተመለከተ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ሲዩ ሲቲ ላይ የተከሰከሰው የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 232 ነው። በአውሮፕላኑ ላይ በጭን የተያዙ አራት ሕፃናት ነበሩ። በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆቻቸው ሕፃናቱን ወለሉ ላይ አድርገው አጥብቀው እንዲይዟቸው ተነገራቸው። ግጭቱ ሲደርስ ግን በእጅ ይዞ መቆየት አልተቻለም፤ አንድ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ ሞተ፣ አንዲት የ11 ወር ሕፃን ደግሞ ከወደቀችበት ያወጣት ለቅሶዋን ሰምቶ ወደሚጨሰው ስብርባሪ የተመለሰ ሌላ ተሳፋሪ ነው። መመሪያውን ለወላጆቹ ያስተላለፈችው የአስተናጋጆቹ አለቃ ጃን ብራውን ከአደጋው ተርፋ፣ ሕፃናት የራሳቸው ወንበርና ማሰሪያ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ ለዓመታት ስትወተውት ኖራለች።

ሕጉ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ደጋግሞ ቢጠይቅም፣ የአገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሕፃናት በጭን እንዳይያዙ ወላጆችን አጥብቆ ከመምከር አልፎ አልከለከለም። ምክንያቱ ለተጨማሪ ትኬት መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በረራውን ትተው በመኪና ይሄዳሉ፣ መኪና ደግሞ ከአውሮፕላን የበለጠ ሰው ይገድላል የሚል ነው። ለአገር ውስጥ ጉዞ ይህ ስሌት ያስኬድ ይሆናል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን የለምና እኛን አይመለከትም፤ ለእኛ ምርጫው በጭን ይዞ በመብረርና አስሮ በመብረር መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ አቅም የሚፈቅድ ከሆነ ለሕፃኑ ወንበር ይግዙ። የልጅ ዋጋ ከአዋቂው ቅናሽ ሊኖረው ስለሚችል፣ ጉዞውም ብዙ ተሳፋሪ በሌለበት ወቅት ከሆነ ልዩነቱ ሊጠብ ስለሚችል፣ «አይቻለንም» ከማለትዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ። ልጁ በጉዞው መካከል ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመልሱ በረራ የራሱ ወንበር እንደሚያስፈልገው አይዘንጉ፤ ሁለተኛ ልደቱን አዲስ አበባ አክብሮ ለመመለስ ቦሌ ሲደርስ ትኬት ያጣ ልጅ አጋጥሞኛል።

ወንበር ከገዙ በኋላ ምን ላይ ያስቀምጡታል

የወንበሩ ቀበቶ ለአዋቂ የተሠራ በመሆኑ ሕፃኑን ብቻውን አይዘውም። የሚያስፈልገው በመኪና የሚጠቀሙበት ማሰሪያ ያለው የልጅ መቀመጫ፣ ማለትም ካር ሲት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ካር ሲት ለአውሮፕላን አይሆንም። በአሜሪካ የተሸጠ ከሆነ ጎኑ ወይም ታችኛው ክፍሉ ላይ ያለውን ተለጣፊ ያንብቡ፤ ለተሽከርካሪና ለአውሮፕላን አገልግሎት የተረጋገጠ መሆኑን የሚገልጽ በቀይ ቀለም የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባል። ተለጣፊው ተልጦ ከሆነ አስተናጋጇ ልትከለክልዎት ትችላለች፤ ስለዚህ ከዘመድ የተወረሰ አሮጌ ካር ሲት ይዘው ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ። ሌላው ስፋቱ ነው፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ካር ሲት በአብዛኛው የኢኮኖሚ ወንበር ላይ ይገባል፣ ከዚያ የሰፋው ግን ክንድ ማሳረፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ካር ሲቱ የሚቀመጠው በመስኮት በኩል ባለው ወንበር ላይ ነው፤ በትልልቅ አውሮፕላኖች በመካከለኛው ረድፍ መሐል ወንበር ላይም ይሆናል። ዓላማው በአደጋ ጊዜ ማንም ተሳፋሪ ወደ መተላለፊያው ለመውጣት ካር ሲቱን መዝለል እንዳይኖርበት ነው። በአደጋ ጊዜ መውጫ ረድፍ ላይ ፈጽሞ አይፈቀድም። አንዳንድ ወንበሮች፣ በተለይ በቢዝነስ ክፍልና የአውሮፕላኑን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ፊት ያሉት፣ በቀበቷቸው ውስጥ የሚነፋ የአየር ከረጢት ስላላቸው ለካር ሲት አይሆኑም፤ ወንበር ሲመርጡ ይህን ይጠይቁ።

ጨቅላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል፤ አንገቱ ገና ስላልጠነከረ ኃይሉን ጀርባው ሁሉ እንዲካፈለው ነው። በዚህ ጊዜ ከፊት ያለው ተሳፋሪ ወንበሩን ወደ ኋላ ማስተኛት አይችልም፣ ሊቆጣም ይችላል። እሰጥ አገባ ውስጥ ሳይገቡ አስተናጋጅ ጠርተው እንድታስረዳው ያድርጉ። ሲያስሩ ቀበቶውን በተሰየመለት ቀዳዳ አሳልፈው፣ በጉልበትዎ ካር ሲቱን ወደ ታች ተጭነው ትርፉን ይሳቡ። በደንብ ታስሮ ከሆነ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ሲነቀንቁት ከሁለት ጣት ስፋት በላይ አይንቀሳቀስም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዎ ሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅዎት ከመማር፣ ከጉዞው በፊት በነበሩት ቀናት በመኪናዎ ውስጥ በወገብ ቀበቶ ብቻ ማሰርን ቢለማመዱ ይሻላል።

ልጁ ከ10 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱም ከአንድ ሜትር የማይበልጥና ብቻውን መቀመጥ የሚችል ከሆነ፣ «ኬርስ» የሚባለው ማሰሪያ ሌላ አማራጭ ነው። ይህ በወንበሩ መደገፊያ ዙሪያ የሚጠመጠምና በልጁ ሁለት ትከሻ የሚወርድ ቀበቶ ሲሆን፣ ተጣጥፎ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ አየር መንገዶች ይቀበሉታል፤ የሌሎች አገሮች አየር መንገዶች አቋም ስለሚለያይ አስቀድመው በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ይዘው ይሂዱ። ልጁን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው ማሰሪያ የሌለው የመኪና ወንበር በመነሳትና በማረፍ ጊዜ አይፈቀድም።

በጭን መያዝ ግድ ሲሆን

የገንዘቡን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሦስት ልጅ ይዞ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ወንበር ይግዛ ብዬ አልፈርድም። በጭን የሚይዙ ከሆነ በመጀመሪያ መሳፈሪያው በር ላይ ባዶ ወንበር እንዳለ ይጠይቁ፤ በረራው ካልሞላ ብዙ ጊዜ አጠገብዎ ያለውን ወንበር ባዶ ያደርጉልዎታል፣ ይህ ጥቅም የሚኖረው ግን ካር ሲቱን ከሻንጣ ጋር ሳያስረክቡ እስከ በሩ ድረስ ይዘው ከመጡ ነው።

ቀበቶውን ለራስዎ ብቻ ይሰሩ። ሁለታችሁን በአንድ ቀበቶ ማሰር የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነትዎ ወደ ፊት ሲወረወር ሕፃኑ በእርስዎና በቀበቶው መካከል ይጨፈለቃል። አንቀልባም ሆነ ደረት ላይ የሚታሰረው ዘመናዊ መያዣ በአየር ማረፊያው ውስጥ ለመዘዋወር የሚተካከለው የለም፤ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ግን ሕፃኑ ከውስጡ መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም አጎንብሰው ቢወድቁ ክብደትዎ በሙሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በአውሮፓ አየር መንገዶች ከአዋቂው ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ የሕፃን ቀበቶ ይሰጣል፤ የአሜሪካ ሕግ ይህንኑ ቀበቶ በመነሳትና በማረፍ ጊዜ አይፈቅድም። ልጁ ከጭንዎ ተነስቶ እንዳይበር ያደርጋል፣ ግን ኃይሉን ሁሉ ሆዱ ላይ ያሳርፋል፤ ስለዚህ በአየር መናወጥ ጊዜ ይጠቅማል፣ የካር ሲት ምትክ ነው ብለው ግን አይመኑበት።

ሕፃኑን ፊቱን ወደ ደረትዎ አድርገው፣ አንዱን እጅ ከጭንቅላቱና ከአንገቱ በስተኋላ፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርገው ይያዙት። በመተላለፊያው በኩል አይቀመጡ። እዚያ የሚያልፈው የምግብ ጋሪ የልጅ እግር ይመታል፣ ከላይ ካለው ማስቀመጫ የሚወድቀው ቦርሳም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ባለው ሰው ላይ ነው።

በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የሕፃን አልጋ ለእናት ክንድ እረፍት ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ትኬት በቆረጡበት ቀን ይጠይቁ፣ የሚሸከመውን የክብደት ገደብም ይወቁ። ይሁን እንጂ አልጋው መከላከያ አይደለም። የቀበቶ ምልክት በበራ ቁጥር፣ ተኝቶም ቢሆን፣ ሕፃኑን አውጥተው መያዝ አለብዎት። ስንት ጊዜ «አሁን ገና ተኛ፣ እባክሽ ተይው» ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ።

ከመነሳት በፊት

አዲስ የተወለደ ሕፃን መቼ ይብረር የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ከክርስትና ጋር የተያያዘ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን እስኪጠመቁ ድረስ ከቤት አይውጡ የሚሉ አያቶች ከሕፃናት ሐኪሞች ምክር ብዙም አይርቁም፤ ሐኪሞችም የሕፃኑ ሰውነት ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅም እስኪያዳብር ሁለት ወይም ሦስት ወር መጠበቅን ይመርጣሉ። አየር መንገዶች ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ የሐኪም ደብዳቤ ሊጠይቁ ቢችሉም፣ መቀበላቸው ጉዞው ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሕፃን ትኬት ከመቆረጡ በፊት በሐኪም መታየት አለበት፤ ካቢን ውስጥ ያለው አየር ከመሬት ይልቅ የሳሳ ስለሆነ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል።

በአየር ማረፊያው ውስጥ ልጆች ይበልጥ የሚጎዱት ማንም አደጋ ነው ብሎ ባላሰበው ነገር ነው። ቦሌም ሆነ የዋሽንግተኑ ዳላስ (Dulles) አየር ማረፊያ ይሂዱ፣ በሦስት ሻንጣ ላይ አራተኛ ሆኖ የተቀመጠ የሁለት ዓመት ልጅ ሲገፋ ያያሉ። ልጁ ይስቃል፣ አጎቱም ፎቶ ያነሳል፤ የጋሪው የፊት ጎማ የወለሉ ክፍተት ላይ ሲነቃነቅ ግን ሻንጣውም ልጁም አብረው ይሄዳሉ። ልጅ በሻንጣ ጋሪ ላይ አይቀመጥ። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ደግሞ የሕፃን ጋሪ አይገፋም፤ አሳንሰር ይፈልጉ፣ የሚራመደውንም ልጅ እጁን ይዘው የጫማው ክር መታሰሩን ይመልከቱ።

በፍተሻ ጊዜ ሕፃኑን ከጋሪውና ከካር ሲቱ አውጥተው ይያዙት። ጋሪው በማሽኑ ውስጥ ያልፋል፣ ልጁ ግን ምንጊዜም በእጅዎ ሆኖ ነው የሚያልፈው። በአሜሪካም በአውሮፓም የእናት ጡት ወተት፣ የተበጠበጠ የዱቄት ወተትና የሕፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ውጭ ናቸው፤ ለይተው አውጥተው ለፈታሹ ያሳውቁ። የዕለቱን ልብስ እንደለበሰ የልጅዎን ፎቶ ጠዋት ያንሱ፣ ስልክ ቁጥርዎንም በወረቀት ጽፈው ኪሱ ውስጥ ያስገቡ፤ ልጅ ቢጠፋብዎት «ምን ለብሷል?» ለሚለው ጥያቄ የደነገጠ ወላጅ መልስ አያገኝም።

ጆሮና የአዲስ አበባ ከፍታ

ሕፃናት በአውሮፕላን ላይ አምርረው የሚያለቅሱት ብዙውን ጊዜ ጆሯቸውን ስለሚያማቸው ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ ያለው አየር ከውጭው ግፊት ጋር የሚስተካከለው ወደ ጉሮሮ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ የሕፃናት ቱቦ ጠባብና አግድም የተኛ በመሆኑ ቶሎ አይከፈትም። ሕመሙ የሚከፋው የካቢኑ ግፊት ሲጨምር፣ ማለትም አውሮፕላኑ ቁልቁል ሲወርድ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ መንገድ ልዩ የሆነ ነገር አለ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በበረራ ላይ ያለ የካቢን ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሱ የካቢኑ ግፊት ብዙም አይቀየርም፤ እንደ ቦይንግ 787 ባሉት፣ የካቢናቸው ከፍታ ከ1,830 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ተደርገው በተሠሩ አውሮፕላኖች ላይ እንዲያውም አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ በካቢኑ ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምር ይችላል። ከሌላ ከተማ ሲነሱ ያልነበረውን የጆሮ መደፈን ከቦሌ ሲነሱ ካስተዋሉ ምክንያቱ ይህ ነው። ዋና ፈተና የሚሆነው ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ማረፍ ነው፤ ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሲወርዱ የሕፃኑ ጆሮ ከሁለት ሺህ ሜትር አካባቢ ወደ ባሕር ወለል ይመጣል። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ደግሞ ማረፉ ይቀላል። በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፍ በረራ ከሆነ ይህ መውረድ ሁለት ጊዜ እንደሚኖር አስበው ጡጦ ያዘጋጁ።

መድኃኒቱ መዋጥ ነው። ጡት፣ ጡጦ ወይም ፓሲፋየር ይስጡት፤ ለትልቁ ልጅ ውኃ በስትሮ። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት ሰዓቱን ነው፤ ከመሬት ሊነካ ሲል ሳይሆን መውረድ ሲጀምር፣ ይኸውም ከማረፉ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት መጀመር አለበት። እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ አዘውትሮ ስለማይውጥ በዚያን ጊዜ ቢቀሰቅሱት ይሻላል። ለዚህም ሲሉ ከመውረዱ ሁለት ሰዓት በፊት ጀምረው ብዙ አያጥቡት፤ የጠገበ ልጅ ጡጦውን አይነካም። ጉንፋን ከያዘው ወይም ጆሮውን በቅርቡ ታሞ ከሆነ ከመጓዙ በፊት ሐኪም ይየው።

በረጅሙ ሰዓት ውስጥ

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠላትዎ ትኩስ ሻይና ቡና ናቸው። ሕፃን በጭንዎ ላይ ሳለ ትኩስ ነገር አያዙ፣ አጠገብዎ ያለው ሰው ሲያዝም ኩባያውን ከልጁ እጅ ርቆ እንዲያስቀምጥ በትሕትና ይጠይቁ፤ ለእኛ ሰው «ልጁ እንዳይደፋብዎት ነው» ማለት ይበቃል። ለጡጦ የሚሆን ውኃ ሲጠይቁም አስተናጋጇ የምታመጣው የፈላ ሊሆን ስለሚችል፣ ከበጠበጡት በኋላ በእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱን ይሞክሩ።

ዘመድ ለመንገድ ብሎ የሚያሲዘው ቆሎ ለትልልቆቹ ይቆይ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሙሉ የወይን ፍሬ ከአራት ዓመት በታች የሆነን ልጅ ሊያንቁት ይችላሉ፤ አውሮፕላኑ ሲናወጥ ደግሞ አፉ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ጉሮሮው የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ለሕፃናት አጥሚት በቴርሞስ፣ ለሚራመዱት የበሰለ ድንችና ሙዝ ጥሩ ናቸው። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ በጣት ቅንጣት እንኳ አይሰጥ። የካቢኑ አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ያጥቡት፤ ዳይፐሩ ለስድስት ሰዓት ያህል ደርቆ ከቆየ በቂ ፈሳሽ አላገኘም ማለት ነው።

«እንዲተኛ ትንሽ ሽሮፕ ስጪው» የሚል ምክር ሁልጊዜ ከአንድ ሰው አይጠፋም። አይስጡት። እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች በአንዳንድ ልጆች ላይ ተቃራኒ ውጤት አምጥተው ያስቆጧቸዋል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ትንፋሽ ማዳከማቸው ነው። ፕሮሜታዚን የሚባለው መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ስለሚችል በአሜሪካ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ ኦክስጅኑ በሳሳ ካቢን ውስጥ፣ ሆስፒታል በሌለበት፣ ይህን መሞከር የሚያስደፍር አይደለም።

እንቅልፍን በተመለከተ ከሁሉ የሚያሰጋው ደክሞት ያንቀላፋ ወላጅ ነው። በሁለት ወንበር መካከል፣ በእናት ክንድና በክንድ ማሳረፊያው መሐል የተወሸቀ ጨቅላ አፍንጫው ታፍኖ ድምፅ ሳያሰማ ሊሞት ይችላል። ሁለት ሆነው የሚጓዙ ከሆነ በየተራ ይተኙ፤ ብቻዎን ከሆኑ ደግሞ እንቅልፍ ሲያሸንፍዎት ሕፃኑን በአልጋው ወይም በካር ሲቱ ያስተኙት፣ ምንም ካልተገኘ አስተናጋጅ ይጥሩ። ፊቱ ላይ ጋቢ ወይም ነጠላ አያልብሱት። እኛ ብርድ ይመታዋል ብለን ማደራረብ እንወዳለን፤ ማጅራቱን ዳስሰው ላብ ካገኙ አንዱን ልብስ ያውልቁለት።

የሚራመደውን ልጅ ለማንሸራሸር የቀበቶ ምልክቱ የጠፋበትን ጊዜ ይጠቀሙ፤ ከምግብ ማዘጋጃው ክፍል ግን ያርቁት። ሲቀመጥ የክንድ ማሳረፊያውን ከማውረድዎ በፊት ጣቶቹ የት እንዳሉ ይዩ።

አደጋ ከደረሰ

የኦክስጅን ጭምብል ከወረደ መጀመሪያ ለራስዎ ያድርጉ። ይህ ለእናት አንጀት ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን በ10,000 ሜትር ከፍታ ላይ ራስዎን ሳይስቱ የሚቆዩት ከአንድ ደቂቃ ለሚያንስ ጊዜ ነውና ከልጁ ጋር ሲታገሉ ጊዜው ያልቃል። በእያንዳንዱ የወንበር ረድፍ በላይ ያለው ትርፍ ጭምብል አንድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ ረድፍ ሁለት በጭን የተያዙ ሕፃናት ካሉ አስተናጋጆቹ ቦታ ሊያስቀይሯችሁ ይችላሉ፤ አትከራከሩ። የሕፃን ሕይወት አድን ጃኬት ከወንበርዎ ሥር ላይኖር ስለሚችል የት እንደሚቀመጥ በመነሳት ሰዓት ይጠይቁ። መውጣት ግድ ሲሆን ሻንጣውን ሁሉ ይተዉ፤ ሕፃኑን በደረትዎ ላይ አቅፈው፣ ጭንቅላቱን በእጅዎ ደግፈው በመንሸራተቻው ላይ ተቀምጠው ሳይሆን ዘልለው ይውረዱ።

ከወረዱ በኋላ

ጎማው መሬት ሲነካ ብዙ ተሳፋሪ ያጨበጭባል፣ ወዲያውም ቀበቶ የመፍታት ድምፅ ይሰማል። እርስዎ ይቆዩ፤ አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ከላይ ያሉት ማስቀመጫዎች ተከፍተው የሚወድቀው ሁሉ ወድቆ፣ መተላለፊያው ሲለቀቅ ልጁን ይፍቱት።

ካር ሲቱን ከሻንጣ ጋር ልከውት ከነበረ ከመጠቀምዎ በፊት ቅርፊቱ መሰንጠቁንና ማሰሪያው መላላቱን ይመርምሩ። ከዚያ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ጉዞ ከቦሌ እስከ ቤት ናት፤ 13 ሰዓት ታስሮ የመጣ ልጅ ከአያቱ ጭን ላይ በፊት ወንበር የሚቀመጠውም በዚህች ጉዞ ላይ ነው። አያት «ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ልጅ ከልክለሽኝ!» ብትል ማዘኗ እውነት ነው፣ ግን መንገዱ ላይ ያለው አደጋ በአየር ላይ ከነበረው ይበልጣል። ሊቀበልዎ የሚመጣው ወንድም ወይም አጎት የኋላ ወንበሩን ከዕቃ ባዶ እንዲያደርግ፣ ሻንጣውን ሁለተኛ መኪና እንዲይዝ ከመነሳትዎ በፊት በስልክ ይንገሩት። ብዙ የአዲስ አበባ መኪኖች የካር ሲት ማያያዣ ዘንግ ስለሌላቸው በቀበቶ ማሰር ይኖርብዎታል፤ አስቀድመው የተለማመዱት ከሆነ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቤት ስትደርሱ አያት አቅፋ ታቆየዋለች።